ዱባይ ሆቴል ተቀጥራችሁ ከፊሊፒን፣ ከኔፓልና ከኬንያ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ስትገቡ፦ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት

ይሄን ምፅፈው ዱባይ ሆቴል፣ ሬስቶራንት፣ ክሊኒንግ ወይ ሴኩሪቲ ተቀጥረው ካምፓኒው አኮሞዴሽን (የሰራተኛ መኖሪያ) ውስጥ ለሚገቡ ልጆች ነው። እኔ በሩም አቴንዳንትነት (የእንግዳ ክፍል በማፅዳት) ነው የጀመርኩት፣ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ነበርን፣ አንዷ ፊሊፒኖ አንዷ ኔፓል አንዷ ኬንያ አንዷ እኔ። ከመምጣቴ በፊት ስለ ደሞዝና ስለ ቪዛ ያልመከረኝ ሰው የለም፣ አብሬያቸው ስለምኖራቸው ሰዎች ግን አንድም ሰው ምንም አላለኝም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትኩሳት ሲይዛችሁ ግን እናታችሁ አዲስ አበባ ናት፣ አጠገባችሁ ያለችው የኔፓሏ ልጅ ናት፣ ታክሲ ምትጠራውም ውሃ ምታመጣውም እሷ ናት። ስለዚ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እንደ ጎረቤት ካልያዛችኋቸው ዱባይ ብቻውን ይከብዳል።

ደረጃ 1፦ ከመነሳታችሁ በፊት

እዚ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ግን ሳትጨርሱት አትነሱ። ኮንትራቱ ላይ ቤዚክ ሳላሪ (መሰረታዊው ደሞዝ) እና አበል ተለያይተው ይፃፋሉ፣ ቤዚኩን እዩ፣ ምክንያቱም ስራ ስትለቁ ሚሰጣችሁ የአገልግሎት ክፍያ የሚሰላው በሱ ነው፣ ቢያንስ አንድ አመት ከሰራችሁ ለመጀመሪያዎቹ 5 አመታት በየአመቱ የ21 ቀን ቤዚክ ነው። የቪዛና የቅጥር ወጪ ደግሞ በህጉ የአሰሪው ነው፣ «እዛ ከደሞዝሽ ይቆረጣል» ካሏችሁ ጠርጥሩ። በቪዚት (በጎብኚ) ቪዛ ግቡና እዛ እናስተካክላለን የሚላችሁን ሰው እሺ አትበሉ፣ በቪዚት መስራት ህገወጥ ነው፣ የሚጎዳው ደግሞ እናንተን ነው።

የፓስፖርት፣ የኮንትራት፣ የቪዛ፣ የትምህርት ማስረጃ ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ ኢሜል ላኩ፣ አንዱን ኮፒ ደግሞ ሀገር ቤት ለምታምኑት ሰው ስጡ። ሻንጣ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ያዙ፣ ግን በፕላስቲክ ሶስት ጊዜ ጠቅልሉት፣ ልብሳችሁ በርበሬ በርበሬ እየሸተተ የመጀመሪያ ቀን ስራ እንዳትገቡ።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያው ሳምንት ሩጫ

የደም ምርመራና የደረት ራጅ አለ፣ ከዛ ለኤምሬትስ አይዲ (ለነዋሪ መታወቂያ) አሻራ። ይሄን ሁሉ ካምፓኒው ነው ሚያስኬዳችሁ፣ እናንተ ስትጠሩ መገኘት ብቻ ነው። ፓስፖርት ለቪዛ ሂደት ሊወስዱት ይችላሉ፣ ሲያልቅ ግን ጠይቃችሁ ተቀበሉ፣ አሰሪ የሰራተኛ ፓስፖርት መያዝ አይፈቀድለትም፣ በ2022 ስራ ላይ የዋለው የስራ ህግ ላይ በግልፅ አለ።

ሲም ካርድ እንዳወጣችሁ የዋትሳፕ ጥሪ አልሰራ ሲላችሁ ስልኩ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደነግጡ፣ ሜሴጅ ይሰራል፣ በዋትሳፕ መደወል ነው እዚ ማይሰራው። ቦቲም ሚባለውን የመደወያ አፕ ጫኑ፣ ቤተሰብም ከመሄዳችሁ በፊት እንዲጭን አድርጉ። ለሜትሮና ለባስ ኖል ካርድ ያስፈልጋል፣ ሲልቨሩ 25 ድርሃም ነው፣ 19ኙ ውስጡ ሂሳብ ሆኖ ይቆያል። ሜትሮ ላይ ለሴትና ለህፃናት የተለየ ቦታ አለ፣ ወንዶች ወለሉ ላይ ያለውን ምልክት ሳታዩ ከገባችሁ 100 ድርሃም ትቀጣላችሁ፣ ውስጡ መብላት፣ መጠጣትና ማስቲካ ማኘክም ያው ነው። ስልካችሁ ላይ 999 ፖሊስ፣ 998 አምቡላንስ፣ 997 እሳት አደጋ ብላችሁ መዝግቡ። ኢንሹራንሳችሁ የትኛው ክሊኒክ እንደሚሰራም ሳትታመሙ ጠይቁ፣ ሌሊት አሟችሁ ስም እየፈለጋችሁ እንዳትንከራተቱ።

ደረጃ 3፦ ሰዓት፣ ቀንና ስም

ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ሀበሻን የሚያስቀጣው ይሄ ነው። ሮስተር የሚባል የፈረቃ ሰሌዳ በየሳምንቱ ይለጠፋል፣ ሰዓቱ በፈረንጅ ነው፣ አብዛኛው ጊዜ ደግሞ በ24 ሰዓት አቆጣጠር። ከኔ ጋ የመጣ አንድ ልጅ ሱፐርቫይዘሩ «ነገ በ2» ሲለው ጠዋት ገብቶ ቆመ፣ ከሰዓት ነበር ያለው። እሱስ ቀድሞ ነው የመጣው፣ በተቃራኒው የቀረ ሰው ግን ዋርኒንግ ሌተር (የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ) ነው ሚሰጠው። ስለዚ ለመጀመሪያዎቹ ወራት በአፍ የተነገራችሁን ሰዓት ሁሉ ስልክ ላይ ፅፋችሁ «ይሄ ነው አይደል» ብላችሁ አሳዩ። ስልካችሁን ወደ 24 ሰዓት ቀይሩት፣ ለቤተሰብ ስትደውሉ ብቻ ወደኛ መልሱት። ዱባይ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ይቀድማል።

ስም ላይ ደግሞ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን የአባት ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዱትና ባጅ ላይ እሱን ሊፅፉት ይችላሉ፣ ሰው ሁሉ በአባታችሁ ስም ሲጠራችሁ ማን እንደተጠራ አታውቁም። ባጁ ከመታተሙ በፊት ኤችአር (የሰው ሀይል ክፍል) ሄዳችሁ መጠሪያችሁ የትኛው እንደሆነ ንገሯቸው። እነሱም እንዴት መጠራት እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ፊሊፒኖዎች ታላቅ ወንድን ኩያ፣ ታላቅ ሴትን አቴ ይላሉ፣ ኔፓሎች ዳይና ዲዲ ይላሉ፣ ከኬረላ የመጡት ህንዶች ቼታና ቼቺ ይላሉ። እኛ ጋሼና እትዬ ብለን ላደግን ሰዎች ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ በስማቸው ብቻ ከምንጠራቸው ዲዲ ብንላቸው ፊታቸው ይፈታል፣ እኔ በሁለተኛው ቀን ነው ያየሁት።

ደረጃ 4፦ ክፍሉ

እዚ ላይ ረጋ በሉ፣ አብዛኛው ፀብ ሚነሳው ከስራ ሳይሆን ከክፍል ነውና።

እንደገባችሁ ሻንጣ ሳትፈቱ ፍራሹን ገልብጣችሁ ስፌቱንና የአልጋውን ብረት መገጣጠሚያ በስልክ መብራት እዩ። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን ነው፣ ያኔውኑ ለአኮሞዴሽን ሀላፊው ተናገሩ፣ ሻንጣችሁን አልጋ ላይ አታስቀምጡ። ከሳምንት በኋላ ከተናገራችሁ «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» መባል ይመጣል።

ከዛ ሰዎቹን ተዋወቁና ማን በየትኛው ፈረቃ እንደሆነ ጠይቁ። እኛ ክፍል በር ላይ ወረቀት ለጥፈን ነበር፣ የአራታችንን ስምና የመኝታ ሰዓት ብቻ ነው የፃፍንበት፣ ከሌሊት ፈረቃ የመጣች ካለች ከሰዓት በኋላ እስከ 10 ድረስ ትልቁ መብራት አይበራም፣ ስልክ ኮሪደር ላይ ነው ሚወራው። እኛ ሀበሾች ከቤተሰብ ጋ ስናወራ ድምፃችን ከፍ ይላል፣ ለኛ ናፍቆት ነው፣ አጠገባችን ለተኛው ሰው ግን ፀብ ነው ሚመስለው፣ የኬንያዋ ልጅ አንድ ቀን ከእናቴ ጋ ሳወራ ተነስታ ምን ሆንሽ ብላኛለች።

ኤሲ ሌላ ራስ ምታት ነው። አንዱ በ18 ካልሆነ አይተኛም፣ ሌላው ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። ቁጥሩን በአንድ ላይ ተስማምታችሁ ፃፉት፣ ሪሞቱን ማንም አልጋው ውስጥ ይዞት አይተኛ፣ የሚበርደው ሰው ከኤሲው ራቅ ያለውን አልጋ ይውሰድ።

በጋ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይሄን ያሳየችኝ አቴ ናት፣ የክፍላችን ፊሊፒኖ። ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ስለሚግል ቀዝቃዛው ቧንቧ ራሱ ያቃጥላል። በዛን ጊዜ መታጠቢያ ቤት ያለውን የውሃ ማሞቂያ ማብሪያውን አጥፉት፣ ማሞቂያው ውስጥ ያለው ውሃ ከቤት ውስጥ አየር ጋ ቀዝቀዝ ብሎ ይቆያል፣ ስለዚ ምትታጠቡት በሙቁ ቧንቧ ነው። ግን ለክፍሉ ሰው ሁሉ ተናገሩ፣ አንዱ ሳያውቅ መልሶ እንዳያበራው።

ደረጃ 5፦ ኩሽና፣ ድስትና ቡና

የጋራ ኩሽና ካለ የራሳችሁን አንድ ድስትና አንድ መጥበሻ ግዙ፣ ስማችሁን ፃፉበት። ስስት አይደለም። ብዙ ኔፓሎችና ህንዶች የበሬ ስጋ አይበሉም፣ በነሱ ድስት ጥብስ ከሰራችሁ ድስቱን ከናካቴው ሊተዉት ይችላሉ። ፊሊፒኖዎች ደግሞ የአሳማ ስጋ ይሰራሉ፣ እኛም ሙስሊሞቹም አንነካውም። ማን ምን እንደማይበላ መጀመሪያ ላይ ጠይቁ፣ መጠየቁ ማንንም አያስቀይምም።

ሌላ ሳላውቅ ያጠፋሁት ነገር፣ ወጥ በማማሰያ ቀምሼ ማማሰያውን መልሼ ድስቱ ውስጥ ከተትኩት፣ የኔፓሏ ልጅ ያን ቀን አልበላችም። በኋላ ነው የነገረችኝ፣ የሰው አፍ የነካው ምግብ ጁቶ ይባላል፣ አይበላም። መዳፍ ላይ ጠብ አድርጎ መቅመስ ነው። ጉርሻም እንደዛው፣ ፍቅራችን ነው ግን ድንገት ወደ ሰው አፍ አትላኩ፣ መጀመሪያ ምን ማለት እንደሆነ አስረዱ፣ እሺ ያለ ይጎርሳል። አቴ አሁን ራሷ ናት ምታጎርሰኝ። ፊሊፒኖዎች ምግብ ሲያቀርቡ ያየ ሰው ሁሉ «ካይን ታዮ» ይሉታል፣ የኛው «እንብላ» ነው ቁርጥ! የነሱ የደረቀ አሳ ሲጠበስ ሽታው ይከብዳል፣ የኛም በርበሬ ሲቁላላ እነሱን ያስላቸዋል፣ ሁለቱም በር ዘግቶ መስኮት ከፍቶ ነው ሚሰራው።

ስለ ፆም ስትነግሯቸው «ፆም ላይ ነኝ» ብቻ ካላችሁ ምንም አትበሉም ማለት ነው ብለው ነው ሚረዱት፣ እንደ ረመዳን። «ስጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ የለም» ብላችሁ ዘርዝሩ፣ ወይ ቪጋን በሏቸው። ስታፍ ካፌ ውስጥ በሁዳዴ 55 ቀን የሚያድናችሁ የህንዶቹ ዳል ነው፣ ምስር ወጥ ነው በሉት፣ ቅቤ እንዳለው ግን ጠይቁ። ከኬረላ የመጡት ውስጥ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ልጆች ታገኛላችሁ፣ ቤተክርስቲያናቸው ከኛ ጋ እህት ናት፣ እነሱም ከፋሲካ በፊት ረጅም ፆም አላቸው፣ አብሯችሁ ሚፆም ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። እንጀራ ሲናፍቃችሁ ዴራ ሂዱ፣ የሀበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች አሉ፣ የክፍል ሰዎቻችሁንም አንድ ቀን ይዛችሁ ሂዱ።

ቡናውን በደንብ ልንገራችሁ። በሶስተኛው ሳምንት ኦፍ ቀኔ ላይ ክፍል ውስጥ በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቡና ቆላሁ፣ ዕጣኑንም አጨስኩ። ጣሪያው ላይ ያለችው ነጭ ክብ ነገር የጭስ መቆጣጠሪያ መሆኗን አይቼ ነበር ግን ለእሳት ብቻ መስላኝ ነበር። አላርሙ ጮኸ፣ ህንፃው በሙሉ ወደ ታች ወረደ፣ ከሌሊት ፈረቃ ገብተው የተኙ ሰዎች በፒጃማ ፀሀይ ላይ ቆሙ። እኔ ማስጠንቀቂያ ተፃፈብኝ፣ ምድጃዋም ተወሰደች፣ ልክ ናቸው፣ ክፍል ውስጥ ማብሰል ክልክል ነው። ማታ ላይ በየክፍሉ እያንኳኳሁ ይቅርታ ጠየቅኩ። አሁን እንዴት ነው ማደርገው፦ ተቆልቶ የተፈጨውን ገዝቼ ጀበናዬን ኩሽና ውስጥ ነው ምጥደው፣ ዕጣኑን ትቼዋለሁ፣ ፈንዲሻ ግን አለ። ሲኒው አራት ብቻ ስለሆነ በየተራ ነው ምንጠጣው፣ አቦል ቶና በረካ እያልኩ አስተምሬያቸዋለሁ፣ የኬንያዋ በረካ ሳይደርስ አትነሳም። በሳምንት አንድ ቀን ይሄን ካደረጋችሁ አኩርፎ ሚከርም ሰው አይኖርም።

ደረጃ 6፦ ሳያወሩ መግባባት

እኛ አዎ ለማለት አየር ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን አይደል፣ ሌላ ሀገር ሰው የደነገጥን ነው ሚመስለው። ሱፐርቫይዘሬ ሁለት ሶስቴ «ምን ሆንሽ?» ካለችኝ በኋላ ነው የገባኝ፣ ቃሉን አውጥታችሁ በሉት። ህንድና ኔፓል ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ ዘንበል ዘንበል ካደረጉ እሺ ማለታቸው ነው፣ እንቢ አይደለም። ፊሊፒኖ ቅንድቡን ብድግ ካደረገ አዎ ነው፣ ቦታ ሲያሳያችሁ ደግሞ በከንፈሩ ነው ሚጠቁመው። እንግሊዝኛችሁ ባይሞላ አትፈሩ፣ የማንም አልሞላም። ያልገባችሁን ገብቶኛል አትበሉ እንጂ፣ በተለይ ኬሚካል ላይ፣ የትኛው ጠርሙስ ለመስታወት የትኛው ለሽንት ቤት እንደሆነ ሶስቴ ብትጠይቁ ይሻላል።

ከሀበሻ ጋ ብቻ መሆን ያጓጓል፣ አውቀዋለሁ፣ አማርኛ ሲሰማ ልብ ይርሳል። ግን ሌሎች ባሉበት ሁለታችን አማርኛ ስናወራና ስንስቅ ስለነሱ ያወራን ይመስላቸዋል። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን «ስለ ቤተሰብ ነው ምናወራው» በሏቸው።

ደረጃ 7፦ በዓልና የፈረቃ ልውውጥ

ለኔ ከሁሉም የጠቀመኝ ይሄ ነው። ሆቴል በበዓል አይዘጋም፣ ሁሉም ሰው እረፍት ሚጠይቀው በራሱ በዓል ነው። የኛ ገና ደግሞ ታህሳስ 29 ነው፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 7፣ የፊሊፒኖዎቹና የኬንያዎቹ ዲሴምበር 25። ይሄ ማለት እናንተ ዲሴምበር 25 ላይ በደስታ ትሰራላችሁ፣ እነሱ ጃንዋሪ 7ን ይይዙላችኋል፣ ማንም አይጎዳም! በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ለእንቁጣጣሽ፣ ከመስከረም እስከ ህዳር ባለው ጊዜ ለኔፓሎቹ ዳሻይን፣ ለህንዶቹ ዲዋሊ፣ ለሙስሊሞቹ ሁለቱ ኢዶች። በጊዜ አንድ ወረቀት ላይ የሁሉንም በዓል ፃፉና ከወር በፊት ተነጋገሩ። ልውውጡን በአፍ ብቻ አትጨርሱት፣ ሱፐርቫይዘሩ በፅሁፍ ያፅድቀው፣ አለበለዚያ የቀረው ሰው እናንተ ናችሁ። በረመዳን ደግሞ ሚፆም ሰው ፊት ቀን ላይ ውሃ ከመጠጣት ተቆጠቡ፣ ኢፍጣር ላይ ከጠሯችሁ ሂዱ፣ ቴምር ይዛችሁ።

ደረጃ 8፦ ገንዘብ

ዕቁብ ሁሉም ጋ አለ፣ ፊሊፒኖዎች ፓሉዋጋን ይሉታል፣ ኬንያዎች ቻማ። ጥሩ ነው፣ ግን ቢያንስ 3 ወር አብራችሁት ካልኖራችሁት ሰው ጋ አትግቡ፣ እጣ የወሰደ ሰው ስራ ቀይሮ ወይ ሀገሩ ገብቶ ሲጠፋ ማንም አይመልስላችሁም። ብድር ስጡ ብትባሉ ብታጡት ማይጎዳችሁን ብቻ ስጡ። የባንክ ካርዳችሁን፣ በስማችሁ የወጣ ሲም ወይ አካውንታችሁን ግን ለማንም፣ ለሀገራችሁ ልጅም ቢሆን አታበድሩ፣ በሱ የተሰራ ወንጀል በስማችሁ ነው ሚመጣው። ብር ስትልኩም በህጋዊ ኤክስቼንጅ ላኩ፣ ሪሲቱን አስቀምጡ፣ ከጁላይ 2024 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሆነ ሁለት ሶስት ቦታ ዋጋ ጠይቁ። የስራ ማጣት ኢንሹራንስ ሚባል ግዴታ አለ፣ ቤዚካችሁ ከ16,000 ድርሃም በታች ከሆነ በወር 5 ድርሃም አካባቢ ነው፣ ካልገባችሁ 400 ትቀጣላችሁ፣ ካምፓኒው ያስገባችኋል ብላችሁ አትገምቱ፣ ጠይቁ።

ደረጃ 9፦ ስልክ ላይ ተጠንቀቁ

እዚ ሰውን በዋትሳፕ መሳደብ ወንጀል ነው፣ ሳያስፈቅዱ የሰው ፎቶ ማንሳትና መለጠፍም እንደዛው። የክፍላችሁን ልጅ ተኝታ አንስታችሁ ቲክቶክ ላይ እንዳትለቁ፣ የሆቴል እንግዳማ ጭራሽ። ከተናደዳችሁ ስልኩን አስቀምጣችሁ ኮሪደር ላይ ውጡ፣ የላካችሁት ስድብ ማስረጃ ሆኖ ነው ሚቀመጠው።

ደረጃ 10፦ ስራ ላይ ችግር ሲመጣ

የሙከራ ጊዜ ከ6 ወር አይበልጥም፣ በዚህ ጊዜ ሊያሰናብቷችሁ ከፈለጉ የ14 ቀን ቅድመ ማስታወቂያ በፅሁፍ መስጠት አለባቸው። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፣ ከዛ በላይ ለሰራችሁት 25 ፐርሰንት ይጨመራል፣ ትርፍ ሰዓቱ በፈረንጅ ከምሽቱ 10 እስከ ንጋት 4 ከሆነ 50። ትርፍ ሰዓታችሁን በደብተር ፃፉ፣ ቀን፣ የገባችሁበት፣ የወጣችሁበት። የክፍል ሰዎቻችሁም እንዲፅፉ አድርጉ፣ የአራት ሀገር ሰው አራት ደብተር አንድ አይነት ሰዓት ሲያሳይ ኤችአር ቁጭ ብሎ ያያል፣ እኛ ጋ የቀረው ክፍያ የመጣው እንደዛ ነው። ካልሆነ የሰራተኛ ሚኒስቴሩ ስልክ 600590000 ነው፣ አቡዳቢ ኤምባሲያችን፣ ዱባይ ደግሞ ቆንስላችን አለ። ስትታመሙም በ3 የስራ ቀን ውስጥ አሳውቃችሁ የሀኪም ወረቀት ስጡ፣ ተኝቼ ነበር ማለት አይበቃም።

ሶስተኛው ወር አካባቢ ባዶው አልጋ ላይ አዲስ ልጅ ትመጣለች። አውሮፕላኑ ሌሊት ነው ብዙ ጊዜ ሚገባው፣ ድካምና ፍርሀት አንድ ላይ ነው። አልጋዋን አራግፋችሁ፣ ስፌቱን አይታችሁ፣ ንፁህ አንሶላ አንጥፋችሁ ጠብቋት፣ አንድ ሊትር ውሃ፣ ትንሽ ምግብ፣ ቻርጀር አጠገቧ አስቀምጡ፣ ዋይፋዩን ክፈቱላትና ደርሻለሁ ብላ እናቷ ጋ ትደውል። ያን ሌሊት ኮሪደር ላይ ውጪ አትበሏት፣ እዛው ክፍል ውስጥ ታውራ።